አንድ ዓይኔን የበላው ሸራ

ተዋናይ፣ ሰዓሊና አዘጋጅ አንድ ሰው ላይ ከተሰበሰቡ ያ ሰው ሌላ ጠላት አያስፈልገውም! እውነቴን ነው። ትወናው ሲበላሽ አዘጋጁን ታማላችሁ፤ መድረኩ ሲያስቀይም ሰዓሊውን። እኔስ ማንን ልማ? መስታወት ፊት ቆሜ ሦስቱንም በየተራ ወረፍኳቸው።

ነገሩ የሆነው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው፤ ፀረ ኤድስ ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት በማይገኝበት ዘመን። የኛ ክበብ ድራማ ሊያሳይ ነው። አዘጋጇ እኔ፣ የተበደለችው የዋህ ሚስት እኔ፣ የማስታወቂያውን ሸራ የምስለው እኔ... መጋረጃ ሳቢ ቢጠፋ እሱም እኔው ነበርኩ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። አዲስ አበባ ሄጄ ሥዕል ልማር ብዬ ስለምናቸው ከርሜ በመጨረሻ፣ "መጀመሪያ ይሄን ድራማ የምትይውን ልየው። ካሳፈርሽኝ ወሬው እዚሁ ያበቃል" አሉኝ። በቃ! ዕጣዬ በአንድ ከሰዓት ላይ ተንጠለጠለ።

ሸራውን ሳልኩት። ውይ ሲያምር! እኔ በጎን ሆኜ ሩቅ ሩቁን ሳይ። ባሌን የሚጫወተው መምህር ሽፈራው ደግሞ ፊት ለፊት አፍጥጦ። በድራማው ሰካራም ነው፣ ውሸታም ነው፣ ሚስቱን በሽታ የሚያስይዝ ጉደኛ ነው። በገበያው ቀን አዳራሹ በር ላይ ሰቀልነው።

ከገጠር ገብስ ይዘው ለገበያ የመጡ እናት ሸራው ሥር ቆመው አማተቡ። ሥዕሌ ልባቸውን ነካው ብዬ ደስ አለኝ!

"ወደዱት እማማ?"

"ሰውዬው ደግ ነው፣ ፊቱ ያስታውቃል። ይቺ አንድ ዓይናዋ ግን... በስመ አብ! ምን አድርጋው ይሆን?"

ጉዴን አያችሁልኝ! ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያያችሁ። በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ከሃዲ ነው። ይህን የማያውቅ መንዜ የለም... ከመሪጌታው ልጅ በቀር!

አዳራሹ ሞልቷል፤ ሁሉም ሸራውን አይቶ ነው የገባው። መምህር ሽፈራው እየተንገዳገደ ሲገባ ጭብጨባ! ሲያመናጭቀኝ "አበጀህ!" እኔ ሳለቅስ "ወዲያ! አስመሳይ!" ልቅሶዬ የምር ሆነ። አባቴ ከፊት ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ።

አዘጋጇ መጋረጃውን ዘጋች። ተዋናይዋ እንባዋን ጠረገች። ሰዓሊዋ ሮጣ ሸራውን አወረደችና ብሩሽ አነሳች። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ በጎን የተሳለ ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን የት ይገባል? ጆሮዬ ሥር ወሸቅኩት! ሸራውን መድረኩ ላይ ሰቅዬ መጋረጃውን ከፈትኩ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ አንዱ፣ "እንዴ! ለካ ተበድላ ነው!" አለ። ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ... እናቶች ተንሰቀሰቁ፣ ጎልማሶች ዱላቸውን ጨበጡ፣ መምህር ሽፈራው የመጨረሻውን ቃለ ተውኔት በመስኮት እየወጣ ተናገረ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ከፊት ከፊት ይራመዳሉ። አላስቻለኝም።

"አባባ፣ አሳፈርኩዎት?"

"ድራማው ደግ ነው፤ እኔም አልቅሻለሁ።" ጥቂት ተራመዱና ቆሙ። "ሥዕሉ ግን ልጄ... ዓይን ጆሮ ሥር አይበቅልም። ሂጂና ተማሪ!"