በሞቴ የማይባልበት ጨዋታ

ምሳ ቀርቦላችሁ፣ አንጀታችሁ እየጮኸ «በልቻለሁ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በዚች አመሌ ደብረ ማርቆስን የሚያህል ከተማ አምልጦኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። ፍኖተ ሰላም ታይፒስት ነበርሁ። ከደምበጫ ወዲያ አገር አይቼ አላውቅም። በቀበሌው አዳራሽ የሴቶች የቼዝ ውድድር ተዘጋጀና፣ ያሸነፈች ደብረ ማርቆስ ሄዳ አውራጃችንን ትወክላለች ተባለ። እኔማ ገና ሳላሸንፍ የመንገድ ቀሚስ አሰፋሁ።

ለፍጻሜ ማን ቢደርሰኝ ጥሩ ነው? ከቡሬ የመጡት እትዬ ዘነቡ! አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ፣ ቼዝንም ያስለመዱኝ እርሳቸው ናቸው። አስተማሪን «ቼክ» ማለት እንዴት ይከብዳል መሰላችሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቼክ ነዎት» እላለሁ፤ አዳራሹ በሳቅ ያውካካል። ያ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል። አንዷ ወታደር ጠፍታ በቆርኪ የተተካችበት ያ አሮጌ ሰሌዳ ሳይቀር ይናፍቀኛል።

ብቻ ጨዋታው ደርሶ ደርሶ፣ ሩክ የምንላትን ግንብ መሳይ ጠጠር አንድ ጊዜ ብገፋት የሚያበቃላቸው ሆነ። እጄን ልሰድ ስል አማቴ ጨዋታዬን ሊያዩ ብቅ አሉ። አማት ቆመው ማን ይቀመጣል? «ኖር!» ብዬ ብድግ ስል የነጠላዬ ጫፍ ጠጠሩን ሁሉ ጠርጎ አወረደው።

ዳኛው የየራሳችንን ጠጠር ወደነበረበት እንድንመልስ አዘዘ። እትዬ ዘነቡ ንጉሣቸውን ከነበረበት አኖሩ። እኔ ግን አፈርሁ። የደፋሁትም እኔ፣ የማሸንፈውም እኔ? ሰው ምን ይለኛል? ሩኬን አንድ ቤት አሽሽቼ አስቀመጥኋት። «ኧረ እዚህ ነበረች፣ በሞቴ!» ይሉኛል ብዬ እኮ ነው።

እትዬ ግን «በይ ተራሽ ነው» አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ ማት ሆኜ የተሸነፍሁት እኔ ነኝ። ቀሚሴን ለገበያ ለበስሁት።

ከዓመታት በኋላ ቡሬ መናኸሪያ ተገናኘን። ተሳስመን ስናበቃ፣ ሆዴ አልችል ብሎ «እትዬ፣ ያን ቀን ሩኬን ያለቦታዋ ሳኖራት አላዩም ነበር?» አልኋቸው።

«እንዴት አላይ ልጄ!» አሉ። «ተሳሳትሽ ብልሽ በሰው ፊት፣ ያውም በአማትሽ ፊት ታፍሪያለሽ ብዬ እንጂ። ይሉኝታ ያዘኝ።»

ይኸው ነው እንግዲህ። ሁለታችንንም ይሉኝታ ይዞን ነበር። የርሳቸው ደብረ ማርቆስ ደርሶ መጣ፤ የኔ ደምበጫን ሳይሻገር ቀረ።