ስፖርተኛዋ መኪና ጎጆ ስትሄድ

ዛሬ ጠዋት የወንድሜ ልጅ መኪና ውስጥ የመቀመጫውን ማሞቂያ ስፈልግ፣ መኪናዋን ለፍጥነት ዝቅ የሚያደርገውን «ስፖርት» የሚል ቁልፍ ተጫንኩ። መኪናዋ አጉረመረመችና እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ዝቅ አለች። እኔም ምንም እንዳላደረገ ሰው በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ።

የምንሄደው ከአምቦ ወደ ጎጆ ከተማ፣ ለእሱው ሽምግልና ነው። የልጅቷ አባት እስከ አራት ሰዓት ካልደረስን ልጃቸውን ለሌላ ጠያቂ እንደሚሰጡ አስጠንቅቀዋል። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቀድመው እዚያ እየጠበቁኝ ነው።

አንባቢዬ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ሳሎን የሚያህል፣ ወንበሩ ሶፋ የሆነ መኪና የሚገዛ ሰው ስፖርተኛዋን ለማግኘት ለምን ገንዘብ ይጨምራል? ሊያርፍ ነው ወይስ ሊሮጥ? እኔም ብሆን ከሱፍ ልብሴ ጋር ስኒከር አድርጌያለሁ፤ የምሮጠው ግን ከዝናብ ብቻ ነው።

ጎጆ ልንደርስ ስንል፣ ዝቅ እንዳለች የቀረችው መኪና ሆዷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ድንች የጫኑ ገበሬ፣ ኦቦ ደሜ፣ ጋሪያቸውን አቆሙ።

«አራት መቶ የፈረስ ጉልበት እኮ አላት» አለ ልጁ አፍሮ።

«የእኔ ፈረስ አንድ ነው፤ ግን ይሄዳል። ኮታ ኦቦ፣ ይምጡ፣ ጋሪው ላይ ይውጡ» አሉኝ።

ቦታ እንዲኖረኝ አንድ ጆንያ ድንች አውርደው ልጁ ዘንድ ተዉ። ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ። አባትየው ልብሴ ላይ ያለውን አፈር አይተው ሳቁ፤ ልጅቷንም ሰጡን።

የምሥራቹን ይዤ ስመለስ መኪናዋ ወጥታለች። ልጁ ጆንያውን ጎማው ሥር ጎዝጉዞ ነዳጅ ሲሰጣት፣ ስፖርቷ ያኔ ሠርቶ ድንቹን ፈጭቶታል። ጥቅሙ ይህ ይሆን? እኔ እንጃ። ለኦቦ ደሜ ግን አንድ ጆንያ ድንች አለብኝ።