እህቴ "ታኮማ ነው" ስትል እኔ ባሕር ላይ ነበርኩ

ወገን፣ ዛሬ ጉዴ ፈላ! በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ከነሻንጣዬ፣ ሲያትል ኤርፖርት መሐል በጥፊ ተመታሁ።

የመታችኝ ታላቅ እህቴ የሺ ናት። እኔ ደግሞ እዚያው ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነኝ፤ ሥራ ላይ የነበሩት ጓደኞቼ ቆመው አዩኝ። አንዱማ "ብሮ፣ ሴኪውሪቲ ኮል ላድርግ?" አለኝ።

"ተዋት፣ እውነቷን ነው" አልኩት።

ሶ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። መሳቅ ይቻላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኔ ካይትሰርፊንግ የሚባል በሽታ አለብኝ። ካይት የሚሉትን ትልቅ ጨርቅ ነፋስ ላይ ትለቃለህ፣ ገመዱን ወገብህ ላይ ታስራለህ፣ ከእግርህ ሥር ጣውላ አለ፣ ነፋሱ ውሃ ላይ ይጎትትሃል። የደጋ ልጅ ምን አገባው? አላውቅም! ሁለት ሰመር ሲያትል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየወደቅኩ ተማርኩና፣ ዘንድሮ በነፋሷ የታወቀች አንዲት የግሪክ ደሴት ለመሄድ ቫኬሽን ወሰድኩ።

ለማን ነገርኩ? ለማንም!

እንዴት ይነገራል? እኛ ጋ ጉዞ የሚወራው ከተመለሱ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተወራ ዓይን ይበላዋል። ካልበላውም አንዱ "እዚያ ምን ሊሠራ?" ይላል። ከመካከላችሁ ስንቱ ነው አገር ቤት ገብቶ ፎቶ ሲለጥፍ ጎረቤቱ የሰማው? እጃችሁን አውጡ እስቲ!

ለየሺ "ታኮማ የአምስት ቀን ትሬኒንግ አለኝ" አልኳት። አብሮኝ ለሚሠራው ለጀማል ደግሞ "አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ሠርግ አለ" አልኩት። ሁለት ዓይነት ውሸት ለምን እንዳስፈለገኝ ዛሬም አልገባኝም።

የሺ ለታኮማ ስንቅ ቋጠረችልኝ! ለአርባ ደቂቃ መንገድ! "ሳንድዊች ሲያበሉህ ሊሰነብቱ ነው" ብላ ድርቆሽ በፌስታል ሰጠችኝ። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዲቪዬን የሞላችልኝም እሷ ናት። ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት።

ኦኬ፣ ወደ ደሴቲቱ። እዚያ ጠዋት ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ለጀማሪ ይሆናል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሰሜን ይነሳል። ስምንት ሰዓት ሲሆን አሸዋው ቅልጥምህን ይወጋዋል፣ የካፌው ወንበር ይገለበጣል። ወደ ዳር ገፋ አድርጎ ስለሚነፍስ ብትወድቅም ቀስ እያለ ይመልስሃል። በስተግራ ካለው ትልቅ ቋጥኝ ካለፍክ ግን የሚገፋህ ወደ ጥልቁ ነው። እዚያ የቀጠርኩት አሠልጣኝ ቋጥኙን በጣቱ እያሳየ ሁለቴ ነግሮኛል።

ፎርምም አስሞልቶኛል። "አደጋ ቢደርስ ለማን እንደውል?" ይላል። በቃሌ የማውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። የየሺን ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ቋጥኙን አለፍኩት።

ጉራ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ዳር ላይ ሰዎች ቪዲዮ ያነሱ ነበር፣ ራቅ ብዬ መዞር አማረኝ። ስዞር ካይቱ ውሃው ላይ ወደቀ፣ ገመዱ ተጠላለፈ፣ አልነሳም አለ። ላይፍ ጃኬት ለብሻለሁ፣ አልሰምጥም። ዳርቻው ግን እየራቀ ሄደ። ጃንጥላዎቹ መጀመሪያ ቀለማቸው ጠፋ፣ ከዚያ ራሳቸው ጠፉ።

ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በዚያ ባሕር ስንቱ የኛ ልጅ ቀርቷል፣ እናቱ የት እንደገባ ሳታውቅ። እነሱ ሌላ መንገድ አጥተው ነው። እኔ ግን በቫኬሽን፣ በገዛ ውሸቴ፣ ያለሁበትን የሚያውቅ አንድ ዘመድ እንዳይኖር አድርጌ ነው የሄድኩት። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ዳር ላይ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። አሠልጣኙ ሲያጣኝ የሺ ጋ ደወለ። ሲያትል ገና እየነጋ ነው፣ እሷ ለሥራ ጫማዋን እያሰረች ነው።

"ወንድምሽ ከባሕር አልተመለሰም። ደውሎልሻል ወይ?"

"ወንድሜ ታኮማ ትሬኒንግ ላይ ነው! አንተ ሌባ! ሁለተኛ እንዳትደውል!"

ዘጋችው። ብሎክም አደረገችው። ምን ታድርግ? "የማታውቂው ቁጥር ሁሉ ስካም ነው" ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

አሠልጣኙ ግራ ገባው። እህቱ ሌላ ቦታ ነው ካለች ከውሃው ወጥቶ ሄዶ ይሆናል ብሎ፣ መጀመሪያ ሆቴሌ ድረስ ሰው ላከ። ጀልባዋ የተነሳችው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ውሃ ላይ ነኝ።

የሺ ግን ልቧ አላርፍ አላት። እኔ ጋ ደወለች፣ ስልኬ ሎከር ውስጥ ነው። ጀማልን ኮል አደረገችው። "አዲስ አበባ ለሠርግ ሄዷል አይደል እንዴ?" አላት። ያኔ ገባት። ብሎክ ያደረገችውን ቁጥር ከፍታ ደጋግማ ደወለች።

ጀልባዋ እኔን ጭና ዳር ስትደርስ፣ አሠልጣኙ "እህትህ ናት" ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገው። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ከአፌ የወጣውን ስሙልኝ፦

"ሄሎ እትዬ፣ ትሬኒንግ ላይ ነኝ፣ ልደውልልሽ?"

በፈጠራችሁ! ከሞት አፍ ወጥቼ!

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮኻል። "እሺ" ብላ ዘጋችው።

በዚያው ቀን እውነቱን ከመመለሻ በረራዬ ሰዓት ጋር ቴክስት አደረግኩላት። መልስ የለም። ዛሬ ስወጣ ግን መውጫው ላይ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ከስቷል። "እትዬ" ብዬ ሳልጨርስ ጥፊው አረፈ።

ከዚያ በቀስታ እንዲህ አለችኝ፦ "ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሲፈልጉህ 'እዚያ የለም' ያልኩት እኔ ነኝ። ብትሞት ኖሮ ይህን ይዤ እንዴት ነበር የምኖረው?"

መኪናዋን አስነስታ ጥላኝ ሄደች።

ይህን የምጽፈው ኤርፖርቱ አጠገብ ቡሪየን፣ ቤቷ በር ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ነው። መጋረጃው ሁለቴ ተንቀሳቅሷል፣ በሩ ግን አልተከፈተም። ቅድም "በርሽ ላይ ነኝ" ብዬ ቴክስት አደረግኩላት።

"እውነትህን ነው?" ብላ መለሰችልኝ። መጋረጃውን ገልጣ፣ በዓይኗ እያየችኝ!

ያሳደገችህ እህት ዓይኗ እያየህ እንኳ እንዳታምንህ ለማድረግ ስንት ዓመት የሚፈጅ ይመስላችኋል? እኔ በአንድ ሳምንት ጨረስኩት።