ሦስተኛው ምስክር

ሰኞ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የከተማችን ውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሐሰተኛ ወሬን ከምድረ ገጽ የሚያጠፋ መመሪያ ሥራ ላይ አዋለ። መመሪያውን ያረቀቁት ብልሁ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊያችን ናቸው፤ ሦስት ሰዎች የተናገሩት ነገር ሁሉ እንደተረጋገጠ ይቆጠራል።

ኃላፊው መመሪያውን ፈርመው ከቧንቧ አንድ ብርጭቆ ቀዱ፤ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ዛሬ ውሃው ምን ነክቶታል?» ብለውም ለእህታቸው በስልክ ጻፉ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ እህታቸው፣ ባለቤታቸውና ፀጉር አስተካካያቸው ደውለው ውሃው መመረዙን አረዷቸው። ፀጉር አስተካካዩ እንዲያውም ወሬው የወጣው እዚያው ቢሮ ካለ ታማኝ ሰው መሆኑን አክሎ ነገራቸው። ሦስት ሞላ። ማኅተም ያረፈበት ማስጠንቀቂያ በማኅበራዊ ገጻችን ተለጠፈ።

የውሃ ምርመራ ባለሙያዋ የላብራቶሪ ውጤቷን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ መርምሬዋለሁ እኮ። ንጹሕ ነው።»

«አንቺ አንድ ሰው ነሽ፣ ልጄ።»

ሌላ መላ ስታጣ ከዚያው ቧንቧ ቀድታ ፊታቸው ግጥም አድርጋ ጠጣች። ኃላፊው ለግልጽነት ሲባል ቀርጸው ለቀቁት። ቪዲዮው ከሰዓት በኋላ ዞሮ ሲመጣ «የመጨረሻዋ ብርጭቆ» የሚል ርዕስ ተሰጥቶት ነበር። የተቀባበሉት ሦስት ሳይሆን ሦስት ሺህ ሰዎች ስለሆኑ፣ ጽሕፈት ቤቱ የሐዘን መግለጫ ለማውጣት ጥቂት እንኳ አላመነታም። መግለጫው ሟችን በታታሪነቷ ያወድሳል፤ በሕይወት ሳለች ደመወዝ እንዲጨመርላት ጠይቃ እንዲህ ያለ ቃል አልሰማችም።

ሟች አሥር ሰዓት ላይ ኃላፊው ፊት ቆመች። እናቷ የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ የሚኖሩት ሩቅ ከተማ ነው፤ መግለጫው ከወጣ ጀምሮ ስልካቸውን አያነሡም።

«አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ፣ ጋሼ። አለች ይበሉ።»

ኃላፊው ከልባቸው አዘኑላት። ወንበር ሳቡላት፤ ውሃ ግን አላቀረቡላትም።

«አንቺ አንድ፣ እኔ ሁለት። አንድ ሰው ብቻ ጨምሪ፤ አሁኑኑ እለጥፈዋለሁ።»

እዚያው ተቀምጣ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ገጽ ላይ ጻፈች፦ «ዛሬ ኮሪደር ላይ ሰላም ያላችሁኝ ሁሉ፣ እባካችሁ አንዳችሁ አይቻታለሁ በሉልኝ። ለእናቴ ነው።»

ሰማንያ አራቱም ባልደረቦቿ አነበቡት፤ ሦስተኛ ምስክር ግን አልተገኘም።