የቀኙ ጎማ ጤንነት

የሰው ልጅ መመዘን ይወዳል። ቅቤ ይመዝናል፣ በርበሬ ይመዝናል፣ ልጁን ሊድር ሲነሣ የሰው ዘር ይመዝናል፤ ራሱ ግን ሐኪም ካላስገደደው በቀር ሚዛን ላይ አይወጣም። እኔ ባለሁበት በእስራኤሏ በሃይፋ ከተማ ደግሞ የሚመዘነው ነገር ሁሉ አልቆ ተራው ለጎማ ደርሷል። ጎማው ተነቅሎ ይመዘናል እያልኩ አይደለም። የሚመዘነው የተሸከመው ጭነት ነው፣ ያውም እየሄደ። እናንተ ስትሄዱ የተሸከማችሁትን የሚመዝንላችሁ ሰው አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላገኘሁም። ጎማ በልጦናል።

እኔ የአውቶቡስ ናሃግ ነኝ፤ በዕብራይስጡ ሾፌር ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ከክርያት ያም ተነሥቼ በክርያት ሞጽኪን በኩል ሃይፋ እገባለሁ። ወጣቱ ወደ ሥራው፣ ተማሪው ወደ ትምህርቱ፣ ከጎንደር የመጡት ሽማግሌዎቻችንና አሮጊቶቻችን ደግሞ ወደ ሐኪም ቤትና ወደ ሹክ፣ ማለትም ወደ ገበያ፣ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ። ብዙዎቹ አባቴን በስም ያውቁታል። ስለዚህ ስሜን የሚጠራኝ የለም፤ የወርቁ ልጅ ነኝ።

ባለፈው ክረምት ኩባንያው በየጎማው አጠገብ አውራ ጣት የምታህል መሣሪያ አስገጠመ። መሣሪያዋ ጎማው ምን ያህል እንደተሸከመ እየለካች ወደ ቢሮ ትልካለች። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ጭነቱን፣ የፍሬን አረጋገጡን፣ መታጠፊያውንና የአስፋልቱን ሙቀት ደማምሮ የጎማው ጥርስ መቼ እንደሚያልቅ ይተነብያል። ድሮ እንዲህ ያለውን ነገር የሚነግረን ኮከብ ቆጣሪ ነበር። እሱም ቢሆን የሰውን ዕድሜ እንጂ የጎማን ዕድሜ ቆጥሮ አያውቅም። ነገሩን ስሰማ ጥሩ ነው አልኩ፤ የሌላ ሰው ጎማ ጉዳይ ነበርና የመሰለኝ።

ሳይውል ሳያድር አለቃዬ ጠራኝ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ የአውቶቡሴን የቀኝ የፊት ጎማ አሳየኝ። ይህ ጎማ፣ አለኝ፣ ጠዋት አንተ ስትይዘው ከጓደኞቹ ሁሉ አብልጦ ይሸከማል፤ ከሰዓት በኋላ ሌላው ሾፌር ሳሚር ሲረከብህ ጭነቱ ተበታትኖ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጎማው ከጊዜው በፊት ሊያልቅ ነው። አውቶቡሱ አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ የሚለየው አንተ ነህ። ፍሬን እየደፈቅህ፣ መታጠፊያ ላይ እየተወረወርህ ካልሆነ ይህ ጭነት ከየት መጣ? አነዳድህን ካላስተካከልህ ከዚህ መስመር አንሥቼ ወደብ እመድብሃለሁ።

እኔ! እንቁላል እንደጫነ ሰው ፍሬን የምነካው እኔ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏችኋል ይኼ ነው።

የወደቡን መስመር ሠርቼበት ስለማውቅ ነው የደነገጥኩት። መንገዱም ቀላል ነው፣ ተሳፋሪውም ጨዋ ነው፤ ሠራተኛው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ይገባል፣ ሰክቶ ይወርዳል። ክሬን ታያለህ፣ ኮንቴይነር ታያለህ፣ የሰው ድምፅ ግን አትሰማም። ጠዋት ወጥቼ ማታ ስገባ ከአፌ የወጣ ቃል አይኖርም ነበር። እዚህ ግን አባቴን ልጅ ሆኖ የሚያስታውሱት ሰዎች ይሳፈራሉ። አባቴ ወደዚህ አገር በገባን ማግስት ነው የሞተብኝ፤ እንዴት ይራመድ እንደነበር፣ ሲስቅ ምን ይል እንደነበር የሰማሁት መሪ ይዤ ነው። ይህን መስመር እወደዋለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።

ጭነቱ ከየት እንደመጣ ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ።

አንድ የጎንደር ሽማግሌ፣ አባ ተገኘን እንበል፣ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ምን ያደርጋሉ? መጀመሪያ ካርዳቸውን ያስነካሉ፤ ይህ የአገሩ ሕግ ነው። ከዚያ ቀና ብለው ሾፌሩን ያያሉ። ሾፌሩ ፈረንጅ ከሆነ ሻሎም ብለው ወደ ወንበራቸው ይሄዳሉ። ሾፌሩ የወርቁ ልጅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእኔን ጤና፣ የባለቤቴን ጤና፣ የእናቴን ጉልበት፣ ጸባ፣ ማለትም ውትድርና፣ የገባውን ልጄን፣ እሱ ሰንበት ሰንበት ከጦሩ ቤት ይመጣ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ሳይጠይቁ ጀርባ ሰጥቶ ማለፍ ነውር ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ መልስ አለው፤ እያንዳንዱም መልስ ‹እሰይ፣ እግዜር ይመስገን› አለው። ከዚያ ደግሞ የመጠየቁ ተራ የእኔ ነው። ይህ ሳያልቅ የሚቀጥለው ፌርማታ ይደርስና እማማ አበቡ ባለ ጎማ ዘንቢላቸውን እየጎተቱ ይገባሉ። አሁን አባ ተገኘ ሰላምታቸውን አቋርጠው ወደ ኋላ ይሂዱ? እማማ አበቡን ሰላም ሳይሉ?

እንግዲህ እንዲህ እንዲህ እያለ ሃይፋ እስክንገባ ኋላ ያለው ወንበር ባዶውን በመዝጋን፣ በአየር ማቀዝቀዣው፣ ይቀዘቅዛል፤ የእኛ ሰው ግን ከነዘንቢሉ፣ ከነከዘራው፣ በሩ አጠገብ ቀኝ ጥግ ላይ ይቆማል። ከእግራቸው በታች ምን አለ? ያ ጎማ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የእኛ ሰዎች ሃምሳውንም ሎሚ ለአንድ ጎማ አሸክመውታል።

ታዲያ ለምን ለአለቃህ አልነገርከውም ትሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? ‹ሽማግሌዎቻችን ጎማ ጨረሱ› ብዬ ለባዕድ ላሳብቅ? ለራሳቸውስ ለሽማግሌዎቹ እንዴት ይነገራል? አባትህን የሚያክል ሰው ጤናህን ሲጠይቅህ ‹ወደ ኋላ ይሂዱ› ይባላል? ከራሴ በላይ በዕብራይስጥ ‹ከናሃግ ጋር ማውራት ክልክል ነው› የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። አባ ተገኘ አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው አነበበችላቸውና በጣም ወደዱት። ወሬ መከልከሉ ደግ ነው፣ ወሬ ሰው ያጣላል አሉ። ሰላምታ ግን ወሬ አይደለም ብለው ካቆሙበት ቀጠሉ።

በዚህ መካከል አለቃዬ ዲማ የሚባለውን መሐንዲስ ላከብኝ። ዲማ ከሩሲያ የመጣ፣ መሣሪያዎቹን የሚከታተል፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ማክሰኞ ጠዋት አብሬህ ተሳፍሬ አነዳድህን አያለሁ አለኝ። ሰኞ ማታ ጭንቀት ይዞኝ አባ ተገኘ ቤት ሄድኩና ጉዳዩን አንድ በአንድ አስረዳሁ። አባ ተገኘ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ብረት የሚሸከም ጎማ በሰላምታ ያልቃል ሲባል የት ተሰማ፣ አሉ። ቢሆንም የልጃችን እንጀራ ከሆነ እሽ፤ ነገ ለአንድ ጠዋት እንዳላወቅንህ ሆነን እናልፋለን፣ ለሌሎቹም እኔ እነግራለሁ፣ አሉኝ። ‹ይማሩኝ አባ፣ አንቱን እንዲህ ማስቸገሬ› አልኳቸው። ‹ተወው ልጄ፣ ቃሌ ቃል ነው› አሉ።

ማክሰኞ ነጋ። ዲማ ላፕቶፑን ታቅፎ ከበሩ አጠገብ ካለው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባ ተገኘ ገቡ፣ ካርዳቸውን አስነኩ፣ አላዩኝም፣ ወደ ኋላ አለፉ። ቀጥለው ሌሎቹ እንደዚያው። እማማ አበቡ ዐይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ሲያልፉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሰላምታውን በሆዳቸው ጨረሱት መሰለኝ። የዲማ ስክሪን ላይ ጎማው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። አውቶቡሱ ጭር አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከፋኝ። ያሰብኩት ሁሉ ተሳክቶልኝ ሳለ ለቅሶ ቤት የገባሁ ይመስል ሆድ ባሰኝ።

ለካስ አንድ ነገር ረስቻለሁ። ክርያት ሞጽኪንን አጋመስን ስል ከኋላ ሹክሹክታ ተጀመረ። ያ ፈረንጅ ማነው? የወርቁ ልጅ እንግዳ ነው። ታዲያ ለብቻው ምን ይሠራል? ሰው ጠፍቶ ነው? በመስታወት አየሁ፤ አባ ተገኘ ብረቱን እየተደገፉ ወደ ፊት ይመጣሉ። በመስታወቱ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ለአየር እንደሚናገር ሰው ሆነው፣ አንተን ሰላም አላልኩህም፣ ቃሌ ቃል ነው፤ እንግዳ ግን ብቻውን አይቀመጥም አሉና ዲማን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ሻሎም፤ ደህና ነህ ወይ፤ ከየት ነህ፤ እናት አለችህ ወይ፤ የት ናት? ባላቸው ዕብራይስጥ ሁሉ ጠየቁት።

ዲማ ደግሞ ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፣ መለሰ! እናቱ እዚያው ክርያት ሞጽኪን እንደምትኖር፣ ጉልበቷ እንደሚያማት ተናገረ። ጉልበት የሚለው ቃል ተሰማ ማለት አለቀ። የእኛ አውቶቡስ ላይ ጉልበት የማያመው ሰው የለም። እማማ አበቡ ከነዘንቢላቸው መጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። አንዷ ዘይት ታሽበት አለች፣ አንዱ ከዘራ ግዛላት አለ፣ ሦስተኛዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ እፍኙን ሞላችለት። ዲማ ዳቦ ቆሎውን እየቆረጠመ ስክሪኑን ያያል። የቀኙ ጎማ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ሄደ።

በዚህ ጊዜ መብራት ይዞኝ ቆሜያለሁ። ዲማ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ቆመሃል፣ አለኝ፣ ፍሬን አልደፈቅህም፣ አልታጠፍህም፤ ጎማው ግን ቀይ ነው። ከዚያ በዙሪያው የተሰበሰቡትን አሮጊቶች አየ፣ በሩን አየ፣ ወለሉን አየ። ‹ቤሰደር፣ እሺ፣ ገባኝ› ብሎ ሳቀ። ሳቁ ላይ ክፋት አልነበረበትም። ለኮምፒውተሩ የፍሬን ቦታ ሰጥተነዋል፣ የሙቀት ቦታ ሰጥተነዋል፣ የዚህን ግን ቦታ አልሰጠነውም አለኝ። ለአለቃዬም በአጭሩ ‹ተሳፋሪ በፊት በር አካባቢ ይቆያል› ብሎ ጻፈለት። ስንት ትውልድ ያወረሰን ወግና ማዕረግ እንዲህ በአንድ መስመር አለቀ።

አለቃዬ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ አለቃ ይቅርታ ከጠየቀ አለቃነቱ የት ሊቀር ነው? ውሳኔውን ብቻ ነገረኝ። አዲስ ጎማ ይገባልሃል፤ ኮምፒውተሩ ይህን ጎማ እስከ ፋሲካ ይደርሳል ብሎታል። ከደረሰ መስመሩ ያንተ ነው። ካልደረሰ ግን በፍሬንም አለቀ በጉልበት ወሬ ለእኔ አንድ ነው፣ ወደብ ትሄዳለህ፤ መስመሩን ሰዉ የሚቀመጥለት ሾፌር ይይዘዋል።

አሁን እንግዲህ እንደገና መናገር ግድ ሆነብኝ። ነውሩን ዋጥ አድርጌ ለአባ ተገኘ የአለቃዬን ውሳኔ ነገርኳቸው፤ ጎማው ለፋሲካ ካልደረሰ የወርቁ ልጅ ከእናንተ ይለያል አልኳቸው። ደነገጡ። ዐይናቸው እንባ ሲያቀርር አየሁ። ይኼማ አይሆንም አሉና ለእማማ አበቡ ደወሉ። ለእማማ አበቡ የተነገረ ነገር ሬዲዮ አያስፈልገውም፤ ሳይመሽ ነሸር ከተማ ያሉት ዘመዶቻቸው ሳይቀሩ ሰምተው ነበር። እኔም ነገ ሁሉም ገብቶ ይቀመጣል፣ ጎማዬም ያርፋል ብዬ በሰላም ተኛሁ።

በማግስቱ መጀመሪያ የገቡት አባ ተገኘ ናቸው። ካርዳቸውን አስነኩ። እንደምን አደርህ ልጄ? ባለቤትህ ደህና ናት? የእናትህ ጉልበትስ? አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ‹ጎማውሳ? ጎማው እንደምን አደረ?› አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። ‹እሰይ፣ ዕድሜ ይስጠው› አሉ። እማማ አበቡ ደግሞ ሳይሳፈሩ ጎንበስ ብለው በዐይናቸው አይተውት መጡ፤ ጥርሱ ትንሽ የሳሳ መሰለኝ አሉ። የለም፣ ትናንትም እንዲሁ ነበር ያለ ሰው ተነሣ። ክርክር ሆነ። ገላጋይ ገባ። ሰላምታችን ድሮ ሃይፋ መግቢያ ላይ ያልቅ የነበረው አሁን ከተማው መሀል ድረስ ይሄዳል፤ ከቤተሰቤ ላይ አንድ ነፍስ ተጨምሯላ።

ባለፈው ሳምንት ዲማ ደወለልኝ። አዲሱ ጎማ ከገባ ወዲህ በቀኝ በኩል ያለው ጭነት ከቀድሞው ብሷል፣ ምን አዲስ ነገር አለ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? የእናቱን ጉልበት ጠይቄው ስልኩን ዘጋሁት። የቀኙ ጎማዬ ለፋሲካ እንዲደርስ በየጠዋቱ ከልብ ይጸለይለታል። የሚጸልዩለት ግን እላዩ ላይ ቆመው ነው።