በምራን የታሰረ የገና ዱላ

ሰው ለጨዋታ ሕግ የሚቆጣውን ቁጣ ግማሹን እንኳ ለኑሮ ሕግ ቢቆጣ ኖሮ፣ እንኳን ጣሊያን ዝንብም ሳትጠይቅ አገራችን ባልገባች። አትቀየሙኝ፣ ያየሁትን ነው። የጎረቤቱን ድንበር በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ የሚያርስ፣ ሲከሰስም በሐሰት ምሎ የሚረታ ሰው፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሜዳ ይወርድና የሌላውን የገና ዱላ አገላብጦ አይቶ «ይኼማ በእሳት የተቆለመመ ነው! ጨዋታውን አዋረድከው!» ብሎ ደሙ ይፈላል። ድንበሩ አልተዋረደም። መሐላው አልተዋረደም። ጨዋታው ተዋረደ።

በእኛ በደብረ ታቦር አገር የገና ዱላ ማለት ወይራ ነው፤ አንገቱ ታጥፎ የበቀለ፣ ሰው ያላጣመመው። ብረት አይነካውም፣ ጨርቅ አይጠመጠምበትም፣ ቆዳ አይታሰርበትም። ይህን ሕግ የሚጠብቁት አያ ውበቱ የሚባሉ የጨዋታው ዳኛ ነበሩ። ከእንጨት የተጠረበችው ኳስ፣ ሩሯ፣ ሜዳ ላይ ሳትጣል ተጫዋቹን ያሰልፉና ዱላ በዱላ ይፈትሻሉ፤ ያልጣማቸውን በጉልበታቸው ሰብረው ይወረውራሉ። አንድ ዓመት እጁን የሚያልበው ጎልማሳ እንዳያዳልጠው ብሎ መያዣው ላይ ቁራጭ ነጠላ ቢጠመጥም፣ «ሙሽራ ናት እንዴ የምታከናንባት?» ብለው ለሁለት አደረጉበት። እኛ ሴቶች ዳር ቆመን ነው የምናይ። ዳር የቆመ ደግሞ ከሩሯ ይልቅ ሰዎቹን ያያል።

እኔ ብዙ አልናገርም። አባቴ ቄስ ነበሩና ፊደል አስቆጥረውኝ ዳዊት ጀምሬ ነበር፤ አርባኛው መዝሙር ላይ ሳለሁ ለታከለ ዳሩኝ። የቀረውን ኑሮ አስደገመኝ።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በአንበሳሜ መንገድ የጣሊያን መኪኖች ተመቱ። ባሌ ታከለ ከመቺዎቹ አንዱ ነበር። የተረፉት ጓደኞቹ ወደ ጫካቸው ሲመለሱ እሱ በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ መጣ፤ ጥይት የቀኝ ክንዱን በስቶ ወጥቶ ነበርና። ቁስሉን በጨው ውኃ አጠብኩለት። ጣቶቹ ግን አልታጠፍ አሉ፤ ጉርሻ እንኳ የሚጨብጡ አልሆኑም። ለጎረቤት «ቁርጥማት ይዞት ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዷል» አልኩ። ሁሉም አመነኝ። ዝምተኛ ሴት ስትዋሽ የሚጠረጥራት የለም፤ ይህን ምክር በነጻ ውሰዱት።

የአገራችን ሹም ግራዝማች አሰጌ ነበር። የእኛው ሰው ነው፤ እዚሁ ክርስትና ተነሥቶ፣ እዚሁ አድጎ፣ ለጣሊያን ያደረ። በገበያ ቀን አስለፈፈ፦ የጥይት ቁስል የተገኘበት ሰው ይሰቀላል፣ ቤቱም ከነሰዉ ይቃጠላል። ቤታችን ማለት እንግዲህ እኔና በአንቀልባ ያለች የስድስት ወር ልጄ ነን። ቀጥሎም፣ ሰው ሳያስበው፣ «ገና እንደ ወትሮው በጋፋት ሜዳ ይከበር፤ ወንድ የተባለ እንዳይቀር» አለ።

ሞኙ ደስ አለው። ግራዝማች ግን አገሩን ያውቃል። ወታደር ቢልክ ቁስለኛው ይደበቃል፤ ገና ቢልክበት ማን ይደበቃል? ታከለ ደግሞ ከሁለቱ ቡድኖች የአንዱ፣ የታች ቤት፣ ዋና መቺ ነው። ቢቀር መቅረቱ ይናገርበታል፤ ቢሄድ ክንዱ።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀንበር አየሁት። በሬዎቻችንን ባንዳ አርዶ ከበላቸው ወዲህ ሥራ ፈቶ ነበር። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረውን ጠፍር፣ ምራኑን፣ ፈትቼ ከዋዜማው ጀምሬ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ጠዋት ሲለሰልስ የታከለን እጅ ከዱላው ጋር አጣብቄ ጠፈርኩለት፤ እጅጌውን እስከ አንጓው አወረድኩለት። ለሩቅ ሰው የጨበጠ ይመስላል።

«አያ ውበቱ ይህን ካዩት?» አለኝ።

«ይሰብሩታላ።»

«ዱላውን?»

ጠፍሩን አንድ ዙር ጨመርኩበት።

ጋፋት ሜዳ ላይ ግራዝማች በበቅሎ ላይ ሆኖ ሁለት ወታደር አስከትሎ ቆሟል። አያ ውበቱ ዱላ እየፈተሹ ሰልፉን ይወርዳሉ። ታከለ ጋ ሳይደርሱ አደራው ቀደማቸው። አደራው የላይ ቤት ተጫዋች ነው፤ ቅድም ድንበር ይገፋል ያልኳችሁ ጎረቤት ማን መሰላችሁ? በመሬት ከባሌ ጋር ሦስት ጊዜ ተካሰዋል።

«እናንተዬ!» ብሎ ጮኸ። «ታች ቤቶች ሊያርሱ ነው የመጡ፤ በምራን አስረዋል!»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ግራዝማች በቅሎውን ወደ እኛ መለሰ።

«አምጣው» አሉ አያ ውበቱ።

«አያ፣ ጠብቆብኝ ነው...»

ዱላውን ይዘው ሳቡት። ዱላው ብቻውን አልመጣም፤ ክንዱ አብሮ መጣ፣ የታከለ ፊትም አመድ መሰለ። ከሰልፉ ዳር አጠገባቸው ቆሜ ነበርና አየሁ፤ ከእጅጌው ሥር አንዲት የደም ጠብታ ወርዳ በአያ ውበቱ አውራ ጣት ላይ አረፈች። ሽማግሌው ጣታቸውን በጋቢያቸው ቀስ ብለው ጠረጉ። ከዚያ ዞረው በሌሎቹ ላይ ጮኹ።

«እናንተስ? ጠፍራችሁ የታለ? ከዚህ ሁሉ ወንድ የአባቶቹን ሥርዓት አስታውሶ የመጣ አንድ ሰው ብቻ? እሰሩ! ባዶ ዱላ የያዘ ይህን ሜዳ አይረግጥም፤ ጨዋታውን አዋረዳችሁትኮ!»

በቁራጭ ነጠላ ዱላ የሰበሩ ሰው!

«አያ ውበቱ» አለ ግራዝማች፣ «ይህ ሥርዓት ከመቼ ወዲህ ነው? እኔም በልጅነቴ እዚሁ ተጫውቻለሁ።»

«ተጫውተዋል፤ መትተው ግን አያውቁም። ጠፍር የምንሰጠው ለሚመታ ነበር።»

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። በሌላ ቀን ቢሆን ይህች ቃል አንገት ታስቆርጥ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ግራዝማች ጥርሱን ብልጭ ማድረግ ግድ ሆነበት። ወንዱ አንዱ ከጅራፉ፣ አንዱ ከመታጠቂያው፣ አንዱ ከአህያው ጭነት ጠፍር እየፈታ እጁን ከዱላው ጋር አሰረ። ሜዳው ሙሉ እጁ የታሰረ ሰው ሆነ። እስረኛ የበዛበት ዘመን ስለነበር አላስገረመንም።

ጨዋታው ተጀመረ። ግራዝማች ግን ተላላ አይደለም። ጥቂት አየና ለወታደሮቹ ሁላችንም እንድንሰማ አድርጎ ተናገረ፦ «ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ጠፍሩን ፈትቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በፊቴ ይለፍ።»

አንቀልባዬን አጠበቅሁ። ከዚያ ሜዳ ወዴት ይሮጣል? ሥርዓቱ አንድ ሰዓት ገዛልን እንጂ ሕይወት አልገዛልንም።

አደራውም ሰምቷል። ቆሞ ታከለን አየው፤ እጅጌው እየረጠበ ነው። ሩሯ ከማዶ ናት፣ ተጫዋቹ ሁሉ ወደ እሷ ይሮጣል። አደራው ወደ ታከለ ሮጠ። ዱላውን በሁለት እጁ አነሣና በቀኝ ክንዱ ላይ አወረደው። የአጥንት ድምፅ ደረቅ እንጨት ይመስላል። ዳግመኛም አወረደው፤ ባሌ ጮኾ ወደቀ።

«ሩሯ መስላኝ!» አለ አደራው፣ ግራዝማች እስኪሰማው ድረስ። ሩሯ የዚያን ጊዜ መቶ ክንድ ርቃ ነበር።

እየጮኽኩ ደርሼ ላንቀው ስል፣ ታከለን ለማንሳት ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «እቴ፣ የገና ነው በይ። ማንም ቢጠይቅሽ የገና ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ገና ላይ የተሰበረ አይካሰስም፣ ገና ላይ የደማ አይጠየቅም። ግራዝማች ከበቅሎው ወርዶ ክንዱን አየ። ቆዳውም አጥንቱም አንድ ላይ ተፈጭቶ የጥይቱን ቀዳዳ የሚለይ ዓይን አልነበረም። «ደኅና አድርጎ ነው የመታህ» ብሎ አለፈ። የቀሩት ወንዶች እጅጌያቸውን ሰብስበው በፊቱ አለፉ። ሁሉም ጤነኛ ነበሩ።

ቤታችን አልተቃጠለም።

ወጌሻ መጥቶ አጥንቱን ቢገጥምም ክንዱ ጠቆረ። ታከለ በሁዳዴ እኩሌታ ላይ ሞተ። ፍትሐት ተደርጎለት፣ በስሙ ተጠርቶ፣ በአደባባይ ተለቀሰለት። አንበሳሜ መንገድ ላይ የወደቁት ጓደኞቹ ይህን አላገኙም፤ እናቶቻቸው እንኳ አፋቸውን በነጠላ ጠቅጥቀው ነው ያለቀሱ። ባሌ ለአገር ሞቶ በገና ስም ተቀበረ። አልቃሿም «ጨዋታ በላው» አለች። እኔም ተቀብዬ አለቀስኩ።

አደራው ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ በሬዎቹን ይዞ ይመጣና መሬቴን በዚያው ምራን ጠምዶ ያርስልኛል። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ድንበሩን ግን አሁንም በዓመት አንድ ትልም ይገፋል። እንግዲህ ሰው ሙሉ አይሆንም።

ጣሊያንም ወጣ፣ አያ ውበቱም ሞቱ፣ ዳኝነቱ ለአደራው ደረሰ። ያለፈው ገና አንድ ወጣት አንገቱ አምሮ የታጠፈ፣ ምንም ያልታሰረበት የወይራ ዱላ ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ ዱላ አይቼ አላውቅም። ጎረምሶቹ ግን ከበቡት፦ «ባዶ ዱላ! ያለ ጠፍር! የአባቶቻችንን ጨዋታ አዋረድከው!»

«አያቴ ድሮ ጠፍር የሚባል አልነበረም ብለውኛል» አለ ወጣቱ።

ሁሉም ወደ ዳኛው ዞሩ። አደራው ዱላውን አገላብጦ አየ። ከዚያ ዳር የቆምኩትን እኔን አየ፤ ቀጥሎም ያን ጊዜ በአንቀልባ የነበረችውን፣ አሁን አጠገቤ የቆመችውን ልጄን።

«ያለ ጠፍር አይገባም» ሲል ፈረደ።

ወጣቱ እውነተኛውን የአባቶች ዱላ እንደያዘ ከሜዳው ወጣ። ወንዶቹ ጨዋታው ከውርደት በመዳኑ ተደስተው እጃቸውን ማሰር ጀመሩ። እኔም አልተናገርኩም። አርባኛው መዝሙር ላይ የቆመች ሴት የአባቶችን ሥርዓት አታርምም።