ሙት የምታስነሳው አንባቢ

መጽሐፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይዋሻል። አንዱ የሰለቸውን ይዘላል፣ ሌላው የወደደውን ይደግማል። የዚያ የልብስ ስፌት ቤት አንባቢ ግን ሙት ታስነሳ ነበር።

ሴቶቹ «ክብርት አንባቢ» ይሏታል። መርፌ ስትይዝ አያድርስ ነው፤ የሰፋችው ጠርዝ ሰካራም የሄደበት መንገድ ይመስላል። ስለዚህ ድርሻዋን ተከፋፍለው ይሰፉላታል፤ እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ልብ ወለድ ታነብላቸዋለች። ታዲያ ሆደ ቡቡ ናት፣ አንጀቷ አይችልም። ሰው ሊሞት ሲል መነጽሯን መወልወል ትጀምራለች። ያን ጊዜ ሴቶቹ «ተረፈ!» ይባባላሉ። አንዴ ወንዝ የወሰደውን ሙሽራ በገዛ ሥልጣኗ አወጣችው። ብዙ ገጽ ሳትሄድ የሙሽራው ቀብር መጣባት።

«ይሄ ደግሞ የማን ቀብር ነው?» አለች ጨርቅ ቆራጯ።

«የአጎቱ።»

«የቱ አጎት?»

«ኤዲያ! ሰው አጎት አይኖረውም?»

ለማያውቁት አጎት ሲያለቅሱ ዋሉ።

አንድ ክረምት የያዘችው መጽሐፍ ግን ከበዳት። ሰክሮ መኪና ሲነዳ ወንድሙን የገደለ ሰው ይታሰራል፤ እናቱ ልትጠይቀው ትሄዳለች። ክብርት አንባቢ መነጽሯን ወለወለች። እስረኛው በፍርግርጉ እጁን ሰድዶ እናቱን አቀፈ። ሳቀም።

አዝራር የምትሰፋው ሴት መርፌዋን አስቀመጠች። የእሷም ልጅ ከእስር ከተፈታ ከርሟል። የሰጡትን ይበላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ከ«እሺ» በቀር ቃል አይወጣውም። «ምን በድዬው ይሆን?» ስትል ነው የከረመችው።

«እቴ፣ በሞቴ እንደተጻፈው አንብቢልኝ» አለች። «የሰው ልጅ እናቱን ካቀፈ፣ የኔ ለምን ጠላኝ?»

የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ። ክብርት አንባቢ ገጹን ወደ ኋላ መልሳ እንደተጻፈው አነበበችው። እስረኛው እናቱን አላቀፈም፤ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። ጠልቷት አልነበረም፤ ዓይኗን ማየት አፍሮ ነው።

ሁሉም አለቀሱ። አዝራር ሰፊዋ ብቻ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ እፎይ አለች። ልጇን የያዘው እፍረት ነው ለካ!

ንባቡ እስከ መጨረሻው ቀጠለ፤ እስረኛው ተፈቶ ከእናቱ ታረቀ። ክብርት አንባቢ መነጽሯን ነክታ እንደሆነ ያየ የለም፤ ሁሉም የየራሱን ዓይን እየጠረገ ነበር።

አዝራር ሰፊዋ መጽሐፉን ተውሳ ለልጇ ወሰደችለት። «አንብበው፣ መጨረሻው ደስ ይላል» አለችው። «እሺ» አለ።

ከቀናት በኋላ ሥራ አርፍዳ መጣች። አንገቷ ቀጥ ብሏል፤ ልጅ የዳረች እንጂ ያረፈደች አትመስልም።

«ልጄ ተጣላኝ!» አለች ገና ከበሩ።

«ውይ በሞትኩት!»

«ምን ትሞቻለሽ! ቁርስ ላይ መጽሐፉን ዘርግቶ፣ ‹እማዬ ዋሽተሽኛል፤ ሰውየው እዚያው እስር ቤት ሞቷል› አይለኝም? ‹በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አልሞተም!› አልኩት። ‹ሞቷል!› ‹አልሞተም!› እሱ ሲጮህ እኔ ስጮህ ረፈደብኝ። ደግሞ እኮ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው!»

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«አንቺ!» አለች ቆራጯ። «እንደተጻፈው አንብቢ ተብለሽ አልነበር?»

ክብርት አንባቢ መነጽሯን መወልወል ጀመረች።

«ነገ ራሱ መጥቶ ሊሟገትሽ ነው» አለች አዝራር ሰፊዋ፣ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት።

ክብርት አንባቢ ደረቷን ነፋች።

«ይምጣ! እኔ ያዳንኩትን ሰው ማንም አይገድልብኝም።»